የአምቡላንሷ ማሞቂያ

ሸዕባን የቆላ ሰው ነበር። መርሳ ተወልዶ፣ መርሳ አድጎ፣ ከወልድያ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ አርባ ዓመት ሲሞላው ለላሊበላ ጤና ጣቢያ የአምቡላንስ ሾፌር ሆኖ ተመደበ። ደርግ ከገባ አምስተኛ ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዘመን ተመደብክ የተባለ ሰው ይሄዳል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሚስቱ ሂንድ አብራው መጣች። የቆየችው ሦስት ወር ነው። የላስታ ብርድ አጥንቷ ድረስ እየዘለቀ ሲያስለቅሳት፣ «እኔስ እዚህ አገር አፈር አልሆንም» ብላ ዕቃዋን ሸክፋ ወረደች። በዓመቱ ፍች ጠየቀች፤ ሰጣት። ልጅ አልነበራቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሸዕባን ብቻውን ነበር። ክፉ ሰው መሐል አልወደቀም፤ የላሊበላ ሰው ሰላምታው ረዥም ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ ይለዋል። ክፍል ያከራዩት ወይዘሮ ሸጌም ለእሱ ብቻ ድስት ለይተው ሽሮና ምስር ይልኩለት ነበር። ግን ፋሲካና ገና ሲመጣ፣ ግቢው በሥጋ ሽታና በእንግዳ ሲሞላ፣ ሸዕባን በሩን ገርበብ አድርጎ ሽሮውን ለብቻው ይበላል። በኢድ ቀን ደግሞ ዶሮ ያርድና፣ የሚቀምስለት ሰው አጥቶ፣ አንዷን ዶሮ ሦስት ቀን ይበላታል።

«ሸዕባን፣ ዛሬ በዓልህ ነው አይደል?» ይሉታል ወይዘሮ ሸጌ በሩ ላይ ቆመው።

«አዎ፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ሸጌ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ሰው የሚሆነው አምቡላንሷ ጋ ሲሄድ ነበር። አሮጌ ናት፤ ነጭ ቀለሟ በአቧራ ብዛት ወደ ቡኒ ሄዷል። በአካባቢው ጋራዥ የሚባል ነገር ስለሌለ ሾፌሯም መካኒኳም እሱ ነው። ፍሬኗን ያስተካክላል፣ ጎማዋን ይለጥፋል፣ አቀበት ላይ ስታቃስት እንደ በቅሎ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላታል።

በ1972 ክረምት ማሞቂያዋ ማፍሰስ ጀመረ። የመኪና ሙቀት የሚመጣው ከሞተሩ ፍል ውሃ ነው። ውሃው በአንድ የጎማ ቱቦ ገብቶ፣ ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ኋላ በተሸጎጠች ትንሽ ራዲያተር ውስጥ ዞሮ፣ በሌላ ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመለሳል፤ በዚያው መሐል ቬንቲሌተሩ ሙቀቱን ወደ ሰው ይነፋዋል። የተቀደደችው ያቺ ትንሽ ራዲያተር ናት። ፍሉ ውሃ ጋቢና የተቀመጠ ሰው እግር ላይ ይንጠባጠባል፣ መስታወቱ በእንፋሎት ይታወራል፣ ሞተሩም ውሃ እየጎደለው አቀበት ላይ ይግላል። ሸዕባን አንድ ቀን ኮፋኖውን ከፈተና ሁለቱን ቱቦዎች ከማሞቂያው ነቀለ። በአንዲት አጭር የብረት ቧንቧ እርስ በርሳቸው ቀጠላቸውና ጥብቅ አድርጎ በሽቦ አሰራቸው። ውሃው ማሞቂያውን ሳይነካ ከሞተር ወጥቶ ወደ ሞተር ይመለስ ጀመር። መፍሰሱ ቀረ። ሙቀቱም አብሮ ቀረ።

«ለሳምንት ነው» አለ ለራሱ። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ሙሉሃብት ነገራቸው፤ እሳቸውም መለዋወጫ ይላክልን ብለው ጻፉ። መልስ የለም። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት አለፈው። ያማረረ ሰው አልነበረም። በሽተኞቹ ከገበሬ ቤት የሚመጡ ናቸው፤ መኪና ይሞቃል ብሎ የነገራቸው የለም። ጋቢያቸውን ተከናንበው ኩርምት ይላሉ። ሸዕባንም ከኮምቦልቻ የገዛው ወፍራም ካፖርት ነበረው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ማሞቂያው ከናካቴው ተረሳ።

በታኅሣሥ 1974 ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ማዶ ካለ መንደር አራት ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመሻሽ ላይ ጤና ጣቢያው ደረሱ። ይማርሽ ትባላለች። ባሏ አረጋ ለሚሊሺያ ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከዘመተ አምስት ወሩ ነው። ልጇ ጊዜውን ሳይጠብቅ፣ በሰባት ወሩ፣ ጎህ ሲቀድ ተወለደ። ወንድ ነበር። ትንፋሽ አለው፣ ድምፁ ግን የጫጩት ያህል ነው። እናትየዋን ደግሞ ደሙ አልቆም አላት። ላሊበላ ከመጣች ገና ወሯ የሆነው ድሬሰር አሰለች እጇን እያደረቀች ወጣች።

«ጋሽ ሸዕባን፣ ወልድያ። አሁኑኑ።»

ይማርሽን ከኋላ አስተኟት፤ አሰለች ልጁን ታቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ቃሬዛ የተሸከሙት ሰዎች ከብት በትነው የመጡ ነበሩና «እናንተው እወቁ፣ አደራ» ብለው ቀሩ።

ኩልመስክን እስኪያልፉ ደህና ነበሩ። ከዚያ መንገዱ ደጋውን ይዞ ወጣ። ፀሐይ ወጥታለች፤ ግን በጥላው በኩል ያለውን ሣር አመዳዩ ገና አልለቀቀውም። ነፋሱ ባረጀው የበር ጎማ ሾልኮ ያፏጫል።

«ጋሼ፣ እስቲ ሙቀቱን ክፈተው» አለች አሰለች ከኋላ።

ሸዕባን ማርሽ ለወጠ።

«ጋሼ፣ ይሰማል? ልጁ እየቀዘቀዘብኝ ነው።»

«አይሠራም» አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ።»

መኪናዋን አቁሞ ካፖርቱን አውልቆ ሰጣት። አሰለች ልጁን ከእናቱ ደረት ላይ ብታስተኛው የእናቱ ገላ ራሱ ደም ጎድሎት ቀዝቅዟል። አንስታ የራሷን ሹራብ ገልጣ ከጡቷ መሐል ሸጎጠችው፣ ካፖርቱንም ደረበችበት። ሸዕባን በሸሚዙ ነዳ። ፍሉ ውሃ ከእግሩ አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ ከላሜራው ወዲያ እየዞረ ነበር። በእያንዳንዱ ዙር ወደ ማሞቂያው መግቢያ ይደርስና፣ እሱ በገዛ እጁ ባሰራት ቧንቧ ተመልሶ ይሄዳል። ይህን ማሰብ ከጀመረ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተው። ቆሞ ልፍታው ቢል፣ ማሞቂያው ተቀዷል፤ ውሃው ፈሶ ሞተሩ ቢቃጠል እናቲቱም መንገድ ላይ ልትቀር ነው። ነዳጁን ረገጠ።

ድልብ ከምትባለው መንደር ሳይደርሱ አሰለች ካፖርቱን ገልጣ ጆሮዋን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋች። ኋላ፣ «አልፏል፣ ጋሼ» አለችው። «አንተ ንዳ። እናቱን እናድርስ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ሸዕባን፣ ከንፈሩ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።

ይማርሽ ዳነች። በሁለት ሳምንቷ ሊመልሳት ሄደ። ጋቢና ከጎኑ ተቀምጣ፣ ሆስፒታል የሰጧትን ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ስለ ልጁ ያለችው ትንሽ ነው። ክርስትና ሳይነሳ መሞቱ ነበር የሚያንገበግባት። ላሊበላ ሊገቡ ሲሉ ወደ እሱ ዞረች።

«እግዜር ይስጥልኝ። መኪናውና እርስዎ ባትኖሩ እኔም አልነበርኩም። ልጁስ የእሱ ነበር፣ ወሰደው። ምን ይደረጋል።»

ሸዕባን እስከ ጤና ጣቢያው በር ነዳ።

አቶ ሙሉሃብትን ሄዶ ቢያነጋግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው አጽናኑት። «የሰባት ወር ልጅ ነው፣ ሸዕባን። የትም ቢወለድ ዋስትና የለውም። መለዋወጫ ጠይቀናል፣ ደብዳቤው ፋይል ውስጥ አለ። ጥፋት የለብህም።»

አሰለችን ግን ጠየቃት። «መኪናዋ ሞቃ ቢሆን ይኖር ነበር?»

«አላውቅም።»

«ግምትሽን ንገሪኝ።»

አሰለች መርፌዎቿን እየቀቀለች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ትንሽ ዕድል ነበረው» አለችው።

በማግሥቱ ሸዕባን ክሩስኮቱን ፈታ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ መለዋወጫ ሲጠብቅ አንድም ቀን አውጥቶ ያላያትን ራዲያተር ለማውጣት የፈጀበት ግማሽ ቀን ነው። የጡብ ያህል ናት። ከመዳብ የተሠሩ ቀጫጭን ቱቦዎቿ አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል፣ አፏ ውስጥ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ነገር ጋግሯል። አንዱን አፏን በአውራ ጣቱ ደፍኖ፣ ውሃ በሞላ ገበታ ውስጥ ነክሮ፣ በሌላኛው ትንፋሹን ነፋ። ከጎኗ፣ መጋጠሚያው ላይ፣ ከሁለት ቦታ አረፋ ወጣ። ቀዳዳዎቹ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ነበሩ።

ከከተማው ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አዝመራው የሚባሉ የነሐስና የመዳብ ሠሪ ሽማግሌ ነበሩ። መስቀልና ጸናጽል ይሠራሉ። ሰው የሠሩትን መስቀል ይሳለማል፣ ቤታቸው ግን እህል አይቀምስም፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይባላል። አብዮቱ ባለእጅን የሚንቅ ወዮለት ብሎ አውጇል፤ በአዋጁ ግን ደጃቸውን የረገጠ ሰው አልነበረም። ሸዕባን ራዲያተሯን በጨርቅ ጠቅልሎ ሄደ።

አዝመራው አገላብጠው አዩአት። «ምንድን ናት?»

«የመኪና ማሞቂያ ናት፣ አባባ።»

«መኪና አላውቅም። መዳብ ግን አውቃለሁ።»

«እንግዲያ መዳቡን እርስዎ ይያዙልኝ፣ መኪናውን ለኔ ይተዉት።»

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከሸፈ። አዝመራው ብረት አግለው እርሳስ ቢያፈሱበትም፣ ሸዕባን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲነፋ አረፋው ከዚያው ቦታ ተግተለተለ። ሽማግሌው ቅር አላላቸውም። «ቆሻሻ ላይ ነው ያፈሰስኩት። እኔም ቸኮልኩ፣ አንተም አስቸኮልከኝ» አሉ። «ከውስጥም ከውጭም ካልጠራ አይዝም።»

ሸዕባን በሚቀጥለው ጉዞ ከወልድያ ገበያ አንድ ዘንቢል ሎሚ ይዞ መጣ። ሎሚውን ጨምቀው ራዲያተሯን በጭማቂው ውስጥ ቀቀሏት፤ ሲያራግፏት ነጩ ጋግርት እንደ አተላ ወጣ። ደግመው ቀቀሏት። ሦስተኛው ላይ ውሃው ጠርቶ ወረደ። አዝመራው መጋጠሚያውን ቀይ መዳብ እስኪያበራ ድረስ ፋቁት፣ እርሳሱ እንዲይዝ የዛፍ ሙጫ ቀቡት፣ የጋለውን ብረት አስጠግተው እርሳሱን አቀለጡ። እርሳሱ በዚህ ጊዜ አልተንከባለለም፤ እንደ ውሃ ተሳበና ስንጥቁን ጠጣው። ሸዕባን ነከረ፣ ጉንጩ እስኪወጠር ነፋ። አረፋ የለም። ደግሞ ነፋ። የለም።

«ለመንግሥት መኪና እንዲህ የሚለፋ ሰው አይቼ አላውቅ» አሉ አዝመራው። «ምን ሆነህ ነው?»

ሸዕባን ነገራቸው። እስከዚያ ቀን ለማንም ዘርዝሮ ነግሮ አያውቅም ነበር። ቱቦውን፣ ሽቦውን፣ የልጁን ድምፅ፣ ይማርሽ ምን ብላ እንዳመሰገነችው ሁሉንም ተናገረ። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ አይዞህ አላሉትም፣ አጠፋህም አላሉትም። ገብተው የሽምብራ ቆሎ በሰፌድ አምጥተው መሐላቸው አኖሩት። ሸዕባን እጁን ሰደደ። አዝመራው እጁን አዩት፣ ቀጥሎ ፊቱን አዩት፣ ከዚያ እሳቸውም ዘገኑ። አብረው ሰፌዱን ጨረሱ።

የቀሩት ቱቦዎቹ ናቸው። አሮጌዎቹን በጣቱ ሲጫናቸው እንደ ደረቅ ቆዳ ይሰነጠቃሉ፤ ይማርሽን ይዞ ሲነዳ ያልፈነዱት በእግዜር ቸርነት ነው። ወልድያ ከአንድ ከተገለበጠ የጭነት መኪና ላይ ገና ለስላሳ የሆኑ ሁለት ቱቦዎች አግኝቶ በልክ ቆረጣቸው፣ ጫፋቸውን ሳሙና ቀብቶ አስገባ፣ በሽቦ ምትክ በብረት ቀለበት አጠበቀ። ብዙ ከጠበቀ ጎማውን ይቆርጠዋል፣ ከላላ ይፈሳል፤ በእጁ እየለካ አጠበቀው። ውሃ ሞልቶ ሞተሩን ሲያስነሳ አንዱ ቱቦ ጋለ፣ ሌላው ግን እንደ በረዶ ነበር። አየር ይዞታል። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አድርጎ አቆማት፤ ላሊበላ ዳገት አያጣም። የሞተሩን ራዲያተር ክዳን ከፍቶ ቱቦውን በመዳፉ ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ አደረገ። ከውስጥ አንድ ነገር ጉርርር አለ። ቀስ በቀስ ሁለተኛውም ቱቦ እጁ ውስጥ ሞቀ።

በሩን ዘግቶ ገባና ቬንቲሌተሩን ከፈተ። ሙቀቱ ጉልበቱን፣ ደረቱን፣ ፊቱን አገኘው። ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ ብቻውን ተቀምጦ ቆየ። ሥራው የፈጀው፣ የወልድያው መንገድ ሳይቆጠር፣ ስድስት ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ የተሳፈረ ሁሉ ተገረመ። እግራቸው ተሰብሮ የጫናቸው አመተ ጊዮርጊስ የሚባሉ መነኩሲት፣ «ልጄ፣ እሳቱ ወዴት ነው ያለው? ጭሱስ?» እያሉ ከወንበሩ ሥር ሲፈልጉ ነበር የሄዱት። ኩልመስክን ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩ፤ ሙቀቱ ሲይዛቸው ሕመማቸውን ረስተው ያንቀላፋሉ። ሸዕባን በመስታወቱ ያያቸውና ደስ ሊለው ይጀምርና፣ ቶሎ ይተወዋል። ስድስት ቀን፣ ይላል በሆዱ።

በመጋቢት አንድ እሑድ በእግሩ ወደ ይማርሽ መንደር ሄደ። ነአኩቶ ለአብን አልፎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እየጠየቀ ቤቷ ደረሰ። እህል እያበጠረች ነበር። ስታየው ሰፌዱን ጥላ ተነሳች፣ ጉልበት ልትስም ስትል ከለከላት። ወተት አመጣችለት። የአረጋ ወሬ እንደሌለ፣ ከዘመተ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ እንደመጣ፣ እሱንም የቀበሌው ጸሐፊ እንዳነበበላት አጫወተችው። ሸዕባን ወተቱን ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት፣ እህቴ» አላት። «መኪናዋ ማሞቂያ ነበራት። ተበላሽቶ ዓመት ከመንፈቅ ሳልሠራው ቆየሁ። አሁን ሠራሁት። ስድስት ቀን ነው የፈጀብኝ። ያን ጊዜ ተሠርቶ ቢሆን ልጅሽ ምናልባት...»

ይማርሽ ቆማ ሰማችው። ፊቷ ላይ የነበረው የእንግዳ ደስታ ቀስ እያለ ወረደ።

«አሁን ይሞቃል?» አለችው።

«ይሞቃል።»

ለረዥም ጊዜ ወደ ማዶው ተራራ አየች።

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እስከ ዛሬ የእግዜር ሥራ ነበር። ከእግዜር ጋር ታርቄ ነበር። አሁን ከማን ጋር ልታረቅ?»

«ይቅር እንድትይኝ...»

«እሱን አሁን አይጠይቁኝ። ወተቱን ይጠጡ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሰፌዷን አንስታ ማበጠሯን ቀጠለች። ሸዕባን ወተቱን ጠጣ፤ አለመጠጣት ሌላ በደል መሰለው። ሲወጣ ተሰናበታት፣ ራሷን ነቀነቀችለት። ወደ ላሊበላ በሚወስደው የሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰዎች እንደ ወትሯቸው ጤና ይስጥልኝ አሉት። መልሶላቸው እንደሆነ ራሱም አያስታውስም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ማሞቂያዋን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቃት። በየወሩ ቱቦዎቹን ይዳስሳል፣ ቀለበቶቹን ያያል፣ ውሃውን ይለውጣል፤ ጥሩ የዝናብ ውሃ ሲያገኝ ያጠራቅምላታል። በ1976 ግንቦት ወደ ወልድያ ተዛወረ። መኪናዋን በእሱ ቦታ ለተተካው ሾፌር ለጋሻዬ ሲያስረክብ ግማሽ ቀን ያስረዳው ስለ ማሞቂያው ነበር። ጋሻዬ ሳቀ። «ፍሬኑን ሳትነግረኝ ስለ ሙቀት?» አለው። ሸዕባን ፍሬኑንም ነገረው። ምክንያቱን አልነገረውም።

በሰኔ መጨረሻ አሰለች ለሥልጠና ወልድያ መጥታ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ አገኘችው። ስለ አቶ ሙሉሃብት፣ ስለ ወይዘሮ ሸጌ፣ ስለ ዝናቡ መጥፋት ካወሩ በኋላ፣ «ያቺ ይማርሽ መጥታ ነበር» አለችው።

«ታማ?»

«አልታመመችም። በሩ ላይ ቆማ ‹የመኪናው ሰውዬ አሉ?› አለችኝ። ተዛውሯል አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«‹እ› አለች። ትንሽ ቆመችና ሄደች።»

«ምን ፈልጋ ነው?»

«አልነገረችኝም፣ ጋሼ። በሽተኛ ይጠብቀኝ ነበር፣ እኔም አልጠየቅኳት።»

«ፊቷ እንዴት ነበር?»

አሰለች ልታስታውስ ሞከረች። «እንጃ። ነጠላዋን ተከናንባ ነበር።»

ሸዕባን ፈቃድ ጠይቆ ሊሄድ ቆረጠ። ፈቃዱ ለመስከረም ተባለ። መስከረም ሲጠባ ግን ሄዶ የሚያገኘው አገር አልቆየውም፤ ዝናቡ ቀርቶ፣ ማሳው ነድዶ፣ የላስታ ሰው ልጁን አዝሎ ወደ ወልድያ ይወርድ ጀመር። ሸዕባን በዚያ ዓመት ቀኑን ሙሉ ከመንገድ ዳር የወደቀ ሰው ሲያነሳ ዋለ። ነጠላ የተከናነበች ሴት ባየ ቁጥር መኪናውን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ወርዶ፣ «ከነአኩቶ ለአብ ማዶ የመጣ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሦስት ጊዜ አለ ተባለ፤ ይማርሽን የሚያውቅ ግን አልነበረም። እሷን አላየም። ወይም አይቷት፣ በዚያ በከሳ ፊት አላወቃት ይሆናል።